ከማራቶን ወደ ደጋን፤ አበበ ቢቂላ በእጁ የተወዳደረባቸው ዓመታት

አበበ ቢቂላ ሲባል ሁላችንም ፊት ድቅን የሚለው እግሩ ነው። ጫማ ያላደረገ፣ የሮምን የድንጋይ ንጣፍ እየረገጠ የሚሮጥ እግር! ይህን ታሪክ ከኳስ ውጪ ሌላ ስፖርት አላይም የሚል ደጋፊ እንኳን ያውቀዋል። እስኪ ግን አንድ ጥያቄ እንጠይቅ። አበበ ተወዳዳሪ ሆኖ ለመጨረሻ ጊዜ የቀረበው በምን ስፖርት ነው? ማራቶን ብሎ የመለሰ ነጥብ ጥሏል። መልሱ ቀስት፣ የጠረጴዛ ቴኒስ እና በረዶ ላይ በውሾች የሚጎተት ጋሪ ነው።

አዎ፣ ቀስት! የዓለም የማራቶን ንጉሥ እግሮቹ ከከዱት በኋላ ዊልቸር ላይ ተቀምጦ ደጋን ሳበ። ይህ የሕይወቱ ክፍል እንደ ሮምና እንደ ቶኪዮ በወርቅ የሚለካ አይደለም። ስለዚህም ይመስላል ብዙ የማይወራለት። ነገር ግን አበበ ምን ዓይነት ሰው እንደነበር ለማወቅ ከፈለግን ከሁለቱ ወርቆች እኩል ሊነገር የሚገባው ታሪክ ይህ ነው።

የጃቶው ልጅ

አበበ ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ ጃቶ በምትባል መንደር ተወለደ። አባቱ ቢቂላ ደምሴ፣ እናቱ ውድነሽ በነበሩ ይባላሉ። አጋጣሚው ይገርማል፤ በዚያው ዕለት በሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ ማራቶን ተሮጦ አርጀንቲናዊው ሁዋን ካርሎስ ዛባላ አሸንፏል። ያን ቀን ሸዋ ውስጥ የተወለደው ሕፃን ከ28 ዓመት በኋላ የዚሁ ውድድር ጌታ እንደሚሆን ማን ያውቃል!

በነገራችን ላይ በአበበ የሩጫ ዘመን የሸዋ ጠቅላይ ግዛት ዛሬ ከምናስበው በላይ ሰፊ ነበር። ሆሳዕናን ጨምሮ የከምባታና የሀዲያ ከተሞች የሚቆጠሩት ከሸዋ ጋር ነው። ስለዚህ አበበን በጠቅላይ ግዛት እንከፋፍለው ቢባል እንኳ የሆሳዕና ሰው ድርሻዬን ስጡኝ የማለት መብት ነበረው ማለት ነው።

ጣሊያን አገራችንን ሲወር ቤተሰቡ ጎሮ ወደሚባል ቦታ ሸሸ፤ በኋላም ወደ ትውልድ አካባቢው ተመለሰ። ትንሹ አበበ እንደ ማንኛውም የሸዋ እረኛ ገና ይጫወት ነበር። የገናን ጨዋታ የሚያውቅ ያውቀዋል። ሩሯን ተከትሎ መሮጥ ነው፤ ጎሉ አንዳንዴ ኪሎ ሜትሮች ይርቃል፤ የሜዳ መስመር የለ፣ ዕረፍት የለ! አበበ ስፖርትን የጀመረው በባህል ጨዋታ ነው ብንል አልተሳሳትንም። ይህን ነገር ያዙልኝ፤ ወደኋላ እንመለስበታለን።

በ1940ዎቹ አጋማሽ አዲስ አበባ ገብቶ በክብር ዘበኛ ተቀጠረ። ከሱሉልታ ኮረብታዎች አዲስ አበባ ድረስ በየቀኑ እየሮጠ ይመላለስ ነበር። የክብር ዘበኛን ስፖርተኞች ያሠለጥኑ የነበሩት ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን ይህን ቀጭን ወታደር አዩት። ከዚያ በኋላ ያለው የዓለም ታሪክ ነው።

ሮም፣ ጳጉሜን 5

ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ የዘመን መለወጫ ዋዜማ። አገር ቤት ሰው ለበዓል ሽር ጉድ ሲል አበበ 11 ቁጥር ለጥፎ በባዶ እግሩ ሮም ጎዳና ላይ ወጣ። የተሰጠው ጫማ አልተስማማውም። ውድድሩ በችቦ ብርሃን ነው ያለቀው። ከሞሮኳዊው ራዲ ቤን አብደሰላም ጋር ሲተናነቅ ቆይቶ ጣሊያኖች ከአክሱም ነቅለው የወሰዱት ሐውልት የቆመበት አካባቢ ሲደርስ ተፈተለከ። በኮንስታንቲን ቅስት ስር 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ በሆነ አዲስ ክብረ ወሰን ገባ።

እዚህ ላይ ብዙዎቻችን የማናውቀው ነገር አለ። አበበ ሮምን ካስጨበጨበ ከ8 ቀን በኋላ እዚያው ሮም ሌላ ውድድር ተከፈተ። ከ23 አገሮች የመጡ 400 ያህል የዊልቸር ስፖርተኞች ተሰበሰቡ። ዛሬ የመጀመሪያው ፓራሊምፒክ ብለን የምንጠራው ይህ ነው። ከውድድሮቹ አንዱ ቀስት ነበር። ለእንግሊዝ የመጀመሪያውን የፓራሊምፒክ ወርቅ ያመጣችው ማርጋሬት ሞን ያሸነፈችውም በቀስት ነው። ማርጋሬት እ.ኤ.አ. በ1959 ማላዊ ውስጥ በመኪና አደጋ ወገቧ ተጎድቶ እግሮቿ የማይታዘዙላት የሆኑ ሴት ነች። የታከመችው ስቶክ ማንዴቪል በሚባል የእንግሊዝ ሆስፒታል ነው። አፍሪካ ውስጥ የደረሰ የመኪና አደጋ፣ ስቶክ ማንዴቪል፣ ቀስት... ይህ ቅደም ተከተል ከ9 ዓመት በኋላ በማን ላይ እንደሚደገም የጠረጠረ አልነበረም።

በቶኪዮም እንደዚያው ሆነ። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. አበበ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ 5 ሳምንት ገደማ ብቻ ቆጥሮ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ አሸነፈ። ሁለተኛ የወጣውን እንግሊዛዊ ቤዝል ሂትሊን ከ4 ደቂቃ በላይ ቀድሞ ገብቶ ሜዳ ላይ ጂምናስቲክ መሥራት ጀመረ። የኦሊምፒክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ በማሸነፍ በዓለም የመጀመሪያው ሰው ሆነ። በቀጣዩ ወር የዊልቸር ስፖርተኞች እዚያው ቶኪዮ ገብተው ቀስታቸውን አስወነጨፉ። አበበና ቀስት ሳይተያዩ ሁለት ጊዜ ተላልፈዋል ማለት ነው።

ያቺ ሌሊት

በሜክሲኮ ኦሊምፒክ፣ ጥቅምት 1961 ዓ.ም.፣ አበበ እግሩን ታሞ ነበር የተሰለፈው። ወደ 17ኛው ኪሎ ሜትር ላይ አቋረጠ፤ አደራውን የተቀበለው ማሞ ወልዴ ወርቁን አመጣ። ሰው ሁሉ አበበ ዕድሜው ገፋ፣ አበቃለት አለ። የባሰው ግን ገና እየመጣ ነበር።

ከቶኪዮ ድል በኋላ ጃንሆይ ለአበበ ነጭ ቮልስዋገን ሸልመውት ነበር። መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ማታ ይህችን መኪና እየነዳ ሳለ ከቁጥጥሩ ውጪ ሆና ተገለበጠች። ጀግናው ሌሊቱን መኪናው ውስጥ እንደተቀረቀረ አደረ። ያወጡት በማግስቱ ጠዋት ነው። ከአንገቱ በታች መንቀሳቀስ አልቻለም።

በሳምንቱ ወደ እንግሊዝ ተወሰደ። የገባበት ሆስፒታል ያው ስቶክ ማንዴቪል ነው። 8 ወር ተኛ። ንግሥት ኤልዛቤት መጥተው ጠየቁት፤ ከዓለም ዙሪያ የመልካም ምኞት ካርድ ጎረፈለት። መጀመሪያ ጭንቅላቱን እንኳን ማዞር አይችልም ነበር። ቀስ በቀስ ግን እጆቹ ተመለሱለት። እግሮቹ ግን አልተመለሱም።

ኳስ የምንወድ ሰዎች ይህን በደንብ እንረዳዋለን። ጉልበቱ ተበጥሶ በቃሬዛ የወጣ ተጫዋች ስንት አይተናል? ያን ቀን ስሙን እየጠራን እናጨበጭባለን፤ ከወር በኋላ ማሊያውን ለሌላ ሰው ሲሰጡት ስሙንም እንረሳዋለን። አበበ ግን ተቀያሪ ወንበር ላይ እንኳ ሊቀመጥ የማይችልበት ደረጃ ደርሶ ነው ሌላ ጨዋታ የጀመረው።

ለምን ቀስት?

ስቶክ ማንዴቪል ከለንደን በስተሰሜን ምዕራብ የሚገኝ ሆስፒታል ነው። እ.ኤ.አ. በ1944 የአከርካሪ ሕክምና ክፍሉን የከፈቱት ዶክተር ሉድቪግ ጉትማን ከሂትለር ሸሽተው እንግሊዝ የገቡ ጀርመናዊ አይሁድ ነበሩ። በዚያን ጊዜ ወገቡ የተመታ ወታደር አልጋ ላይ ሆኖ ሞቱን ይጠብቃል ተብሎ ነበር የሚታሰበው። ዶክተሩ ይህን አልተቀበሉም። በሽተኞቻቸውን ስፖርት አሠሯቸው። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 29 ቀን 1948፣ የለንደን ኦሊምፒክ በተከፈተበት ዕለት፣ 16 ጉዳተኞችን በሆስፒታሉ ግቢ ሰብስበው አወዳደሩ። ውድድሩ ምን ነበር? ቀስት!

ምክንያት ነበራቸው። ደጋን የሚሳበው በእግር አይደለም። በጀርባ፣ በትከሻና በጣት ነው። እግሩ የማይሠራ ሰው ደግሞ ከአልጋ ወደ ዊልቸር የሚሸጋገረው፣ ጎማውን የሚገፋው በእነዚሁ ጡንቻዎች ነው። በዚያ ላይ የሆድና የወገብ ጡንቻው አልታዘዝ ያለው ሰው ደጋን ሲስብ እንዳይወድቅ ሚዛኑን መጠበቅ ይማራል። ከሁሉም በላይ ቀስት ተቀምጦ የሚወረውረውንና ቆሞ የሚወረውረውን በእኩል ያገናኛል። እ.ኤ.አ. በ1984 የኒውዚላንዷ ኔሮሊ ፌርሆል ዊልቸር ላይ ሆና በሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ ከጤነኞች ጋር በቀስት ተወዳድራለች።

ደጋን ስንል

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ብለን ዕቃውን እንወቀው። በእኛ ቋንቋ ቀስት ስንል አንዳንዴ የሚወነጨፈውን፣ አንዳንዴ ሁሉንም አንድ ላይ ነው። የሚለጠጠው ግን ደጋን ነው፤ እናቶቻችን ጥጥ የሚነድፉበትም መሣሪያ ስሙ ይኸው ነው። የሚሄደው ቀስት ወይም ፍላፃ ይባላል።

ደጋን ብዙ ዓይነት ነው። አንደኛው ከአንድ እንጨት የሚሠራው ነው። በአገራችን ምዕራብ የጉሙዝ ሕዝብ በደጋኑ የታወቀ ነው፤ በ16ኛው ክፍለ ዘመን በግራኝ አሕመድ ጦርነት ታሪክ ውስጥም ማያ የሚባሉ የመርዝ ቀስት ወርዋሪዎች ስማቸው ተነሥቷል። የእንግሊዞቹ ረጅም ደጋንም ከአንድ እንጨት ነው፤ ቁመቱ ሰው ያህላል፤ እ.ኤ.አ. በ1415 አዥንኩር ላይ የፈረንሳይን ፈረሰኛ ያረገፉት በእሱ ነው። ሁለተኛው የእስያ ፈረሰኞች ደጋን ነው። እንጨት፣ ቀንድና ጅማት ተጣብቆ ይሠራል፤ አጭር ስለሆነ ፈረስ ላይ ይመቻል። የጃፓኑ ዩሚ ደግሞ ከ2 ሜትር ይረዝማል፤ የሚያዘውም ከመሐሉ ዝቅ ብሎ ነው።

በውድድር ሜዳ የምናየው ሪከርቭ የሚባለው ነው። ጫፎቹ ወደ ፊት ስለሚቀለበሱ ጉልበት ይጨምራሉ። ኮምፓውንድ የሚባለው ደግሞ ጫፎቹ ላይ ተሽከርካሪ መዘውር አለው፤ አውታሩ ተስቦ ካለቀ በኋላ ክብደቱ ይቀልላል። አሜሪካዊው ሆለስ አለን የዚህን ፈጠራ መብት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው፤ አበበ ሆስፒታል በተኛበት ዓመት።

ለኳስ አፍቃሪ እንዲህ እናስላው። በኦሊምፒክ ኢላማው በ70 ሜትር ላይ ይቆማል። ከጎል መስመር ተነሥታችሁ መሐል ሜዳን ወደ 18 ሜትር ያህል እለፉ፤ እዚያ ነው። 10 ነጥብ የምታሰጠው ክብ 12.2 ሳንቲ ሜትር ስፋት አላት፤ የእግር ኳስ ግማሽ በሏት። የወንዶች ደጋን ለመሳብ እስከ 20 ኪሎ የሚደርስ ጉልበት ይጠይቃል። በማጣሪያ 72 ቀስት ይወረወራል። ሲደመር 1,440 ኪሎ ማለት ነው! ከዚያም እስትንፋስ ተይዞ፣ ልብ ተረጋግቶ ነው የሚለቀቀው። ፔናሊቲ ከባድ ነው የምንል ሰዎች 72 ፔናሊቲ በተከታታይ እናስብ።

አበበ ተመለሰ

በ1962 ዓ.ም. አበበ ዊልቸሩ ላይ ሆኖ የቀስት ልምምድ ጀመረ። በሐምሌ ወር በስቶክ ማንዴቪል የዊልቸር ጨዋታዎች በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳደረ። አስቡት! ከ16 ወር በፊት ከአንገቱ በታች ያልነበረ ሰው ነው አውታር ጎትቶ ፍላፃ የለቀቀው። ሁለት ጊዜ የዓለምን ሯጮች ከኋላው ያሰለፈ ሰው ከጀማሪዎች ተራ ገብቶ መሰለፍ አላሳፈረውም።

ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ብዙ ኮከብ የቀድሞ ስሙን ይዞ እንግዳ መቀመጫ ላይ መቀመጥን ይመርጣል። አበበም ይህን ቢመርጥ ማንም አይፈርድበትም ነበር። በሚያዝያ 1963 ዓ.ም. ኖርዌይ ለአካል ጉዳተኞች ስፖርት የጠራችው በክብር እንግድነት ነበር። እሱ ግን እንግዳ ሆኖ አልቀረም። በቀስት ገባ፤ በጠረጴዛ ቴኒስ ገባ። በዚህ አላበቃም፤ ለአገሩ ልጅ እንግዳ በሆነው በረዶ ላይ፣ ውሾች በሚጎትቱት ጋሪ ውድድር ገብቶ 16 ሰው ከተሰለፈበት አንደኛ ወጣ። ሰዓቱ 1 ሰዓት ከ16 ደቂቃ ከ17 ሰከንድ። የጃቶ እረኛ በኖርዌይ በረዶ!

በ1964 ዓ.ም. ማብቂያ ሙኒክ ኦሊምፒክ ላይ በልዩ እንግድነት ተገኘ። ሕዝቡ ተነሥቶ አጨበጨበለት። ማራቶኑ የተሮጠው ጳጉሜን 5 ቀን ነው፤ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ካሸነፈ ልክ 12 ዓመት። ማሞ ወልዴ ሦስተኛ ሆነ፤ ያሸነፈው አሜሪካዊው ፍራንክ ሾርተር ሄዶ የአበበን እጅ ጨበጠ። ሌላም ነገር ነበር። ቀስት እ.ኤ.አ. ከ1920 በኋላ ከኦሊምፒክ ወጥቶ ሲቀር 52 ዓመት ሞልቶት ነበር፤ የተመለሰው በዚያው ሙኒክ፣ በእነዚያው ቀናት ነው። አበበ የመጀመሪያ ፍቅሩን ማራቶንንና የመጨረሻ ስፖርቱን ቀስትን በአንድ ኦሊምፒክ አገኛቸው።

ከዓመት በኋላ፣ ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም.፣ አበበ በ41 ዓመቱ አዲስ አበባ ውስጥ አረፈ። ምክንያቱ ከአደጋው ጋር የተያያዘ የጭንቅላት ደም መፍሰስ ነበር። ጃንሆይ የሐዘን ቀን አወጁ። ቅዱስ ዮሴፍ ሲቀበር 65 ሺህ ያህል ሕዝብ ሸኝቶታል። ይህ ስታዲየም ሞልቶ የሚተርፍ ሕዝብ ነው።

ለእኛ ምን ተረፈ?

አዲስ አበባ በስሙ ስታዲየም አላት፤ የክለቦቻችንን ጨዋታ ብዙ ጊዜ እዚያ ተመልክተናል። ስሙን ስንጠራ ሩጫውን እናስባለን፤ ጥሩ ነው። ግን የዊልቸሩን አበበም እናስበው። አገራችን በፓራሊምፒክ የመጀመሪያውን ወርቅ ያገኘችው በቶኪዮ 2020 በትዕግስት ገዛኸኝ የ1,500 ሜትር ሩጫ ነው። አበበ በዊልቸር ከተወዳደረ ከ50 ዓመት በኋላ ማለት ነው። መዘግየቱ የጉዳተኛ ልጆቻችን ድክመት ነው? አይመስለንም። ዊልቸር የሚያስገባ በር፣ ሜዳ፣ አሠልጣኝና ደጋን ያጣ ልጅ ምን ያድርግ?

ቀስት ደግሞ ለእኛ ባዕድ አይደለም። ከገና፣ ከገበጣ፣ ከትግልና ከፈረስ ጉግስ ጋር በባህል ስፖርቶቻችን ውድድር ውስጥ አለ። ያዙልኝ ያልነው ነገር ይኸው ነው። አበበ በባህል ጨዋታ ጀምሮ በሌላ ጥንታዊ ጨዋታ ነው የጨረሰው። ገና የሯጭ እግር ከሰጠን፣ ቀስትስ ለስንቱ ልጅ ምን ይሰጥ ይሆን?

ሆሳዕና አብዮ ኤርሳሞ ስታዲየም ሀዲያ ሆሳዕናን ለመደገፍ የሚሞላው ወጣት፣ ዱራሜና ሺንሺቾ ላይ ኳስ የሚያሯሩጠው ታዳጊ ይህን ቢያስብበት ደስ ይለናል። ኳስ ሜዳ ካለ ለቀስት ቦታ አይጠፋም። 70 ሜትር፣ ከኋላው ሰው የማያልፍበት የአፈር ክምር፣ የሣር ኢላማ፣ ሥራውን የሚያውቅ አሠልጣኝ። እግሩን ያጣ ጎረቤታችን ከአጥር ውጪ ሆኖ ጨዋታ ከሚሰማ ውስጥ ገብቶ ተጫዋች የሚሆንበት አንዱ በር ይህ ነው።

በፓሪስ 2024 ፓራሊምፒክ አሜሪካዊው ማት ስተዝማን በቀስት ወርቅ ወስዷል። ይህ ሰው ሁለት እጅ የለውም፤ ደጋኑን የሚይዘው በእግሩ ነው። አበበ እግሩ ቢከዳው በእጁ ተወዳደረ፤ ስተዝማን እጅ ባይኖረው በእግሩ አሸነፈ። እንግዲህ ተጫዋቻችን ተጎድቶ በቃሬዛ ሲወጣ አበቃለት ለማለት አንቸኩል።